ከአንቱ ወደ አንቺ

«እስቲ ደግመሽ አንብቢው» አለች እናት።

መምህርቷ በአንድ እጇ ዳቦ፣ በሌላው የእናቷን ስልክ ይዛ፣ አንድ እግሯን ወደ በሩ አስቀድማ ቆማለች። ከመነጽር ሠሪው የመጣውን መልእክት አንዴ አንብባላታለች፤ ደግማም አንብባላታለች። እናት ግን ሁለት ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ ተክላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጨው የጎደለው ነገር እንደ ቀመሰ ሰው አፏን ታጣጥማለች። መነጽሯ ብሎኑ ወልቆ ጥገና ከገባ ሰንብቷል። ይህ ብሎን ዘንድሮ ምን እንደ ነካው እንጃ፣ ተሠርቶ በመጣ በሳምንቱ ተመልሶ ይወልቃል። ያለ መነጽር ደግሞ የስልክ ጽሑፍ ለእሷ የጉንዳን ሰልፍ ነው፤ የሰው ፊትም ጉም። ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ በዚያች ቤት ምስጢር የሚባል ነገር ቦታ የለውም፤ ምግብ የሚበላበት፣ ልብስ የሚተኮስበት፣ ታላቅ ወንድሟ የሚተኛበትም ያው አንዱ ክፍል ነው። እሱም በዚህ ሰዓት መስኮቱ አጠገብ ከተሰቀለችው መስታወት ፊት ቆሞ ከራቫቱን ያስራል፣ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል።

መምህርቷ ዳቦዋን ዋጥ አድርጋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንደምን አደሩ። መነጽርዎ ተሠርቶ አልቋል። ጊዜ ሲኖርዎ መጥተው ይውሰዱት። ባይመጡም ግን አይጠፋም፤ እኔ ጋ ነው። ጠዋት ጠዋት እወለውለዋለሁ።»

«እንደ ዜና አታንብቢው እንጂ ልጄ።»

«ታዲያ እንደ ምን ላንብበው እማዬ? መነጽርሽ ተሠርቷል ነው የሚለው።»

«እሱማ ገባኝ። ሲለው ግን እንዴት አድርጎ ነው? ተቆጥቷል? ሰልችቶታል? ወይስ...» እናት ከ«ወይስ» በኋላ ያለውን ዋጥ አድርጋ ሻይዋን ማማሰል ጀመረች። ስኳር ገና አልጨመረችበትም። «መልስ ይጠብቃል እኮ ሰውየው። ምን ብዬ ልመልስለት?»

«እሺ በይዋ።»

«እሺ ብቻ?»

መምህርቷ ሰዓቷን አየችና መልእክቱን ወደ ራሷ ስልክ አስተላለፈችው። ለእረፍት ሲደወል አንድ ጨዋ መልስ ጽፋ እንደምትልክላት ቃል ገባች። ጨዋ ጽሑፍ መጻፍ መቼም እንጀራዋ ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጥ ስትል ወንድሟ ከእጇ ተቀበላት። ወንድሟ ውሃ ክፍል ቅሬታ መቀበያ መስኮት ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ቤት ውስጥ «ጋሼ» ነው የሚባለው፤ አባታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ ስሙን የምሩን ይዞታል። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲሰድበው ስለሚውል፣ ማታ ቤት ሲገባ «ደህና አመሸህ» የሚለው ሰላምታ ውስጥ ሳይቀር ስድብ ይፈልጋል። መልእክቱን በዝምታ አነበበ። ዓይኑን አጥብቦ፣ ስልኩን አርቆ ይዞ እንደገና አነበበ። ከዚያ እሱም መልእክቱን ወደ ራሱ ስልክ አስተላለፈው፤ የእናቱን ስልክ በቀስታ አስቀመጠና «እኔ አመጣዋለሁ። ከሥራ ስወጣ» አለ።

«ተወው፣ እኔው እሄዳለሁ» አለች እናት፣ ትንሽ ፈጠን ብላ።

«እኔ አመጣዋለሁ አልኩ።»

እናት ስኳር የሌለውን ሻይዋን ማማሰሏን ቀጠለች። ወንድምና እህት አብረው ወጡ፣ በር ላይ ተለያዩ፤ እሱ ሳይሰናበታት ሄደ። መምህርቷ ይህን ልብ አላለችም። ልቧ ያለው ዛሬ በምታስተምረው ርዕስ ላይ ነበር፤ ርዕሱም «የጽሑፍን ድምፀት መለየት» የሚል ነው።

ተማሪዎቿ በሌለችበት «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል። ስሙን ታውቀዋለች፤ አልፎ አልፎም ይገባኛል ትላለች። የታክሲ ላይ ጥቅስ ስታነብ የተሳሳተውን ፊደል በልቧ ታርማለች፤ የለቅሶ ማስታወቂያ ላይ እንኳ የጎደለ አራት ነጥብ ካየች ሐዘኑ ከልቧ ይወጣና አራት ነጥቡ ይተካል። ዛሬ ግን እስክሪብቶዋም ቢሆን የሚያድናት አልመሰለም። የመማሪያ መጽሐፉ ለድምፀት ማስተማሪያ ያቀረበው ምንባብ ስለ ንብ ጥቅም የሚያወራ ነው። በራስጌው ምሬት፣ ምጸት፣ አድናቆት፣ ሐዘኔታ፣ ቁጣ የሚሉ ቃላት ተደርድረዋል፤ ተማሪው ከእነዚህ አንዱን መምረጥ አለበት። ክፍሉ በወንበር ጥበት ሦስት ሦስት ሆኖ ተቀምጧል፤ የመስኮቱ ግማሽ በካርቶን ተደፍኗል፤ ከኋላ በኩል አንዱ በክርኑ ተደግፎ እንቅልፉን ይጠጣል። «የዚህ ጽሑፍ ድምፀት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። አንዱ ምሬት አለ። ሌላዋ ሐዘኔታ አለች። «ማን ነው እዚህ ያዘነው?» ስትል «ንቧ ናት ቲቸር፤ ማሯን እየወሰዱባት» የሚል መልስ መጣ። ይህን ያለችው ተማሪዎቹ «ሬዲዮ» የሚሏት፣ ጣቢያዋ የማይዘጋ ልጅ ነች። ክፍሉ ሳቀ፤ እንቅልፋሙም ነቃ። መምህርቷም ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቋ አመለጣት፤ በዚያው መጽሐፉን አጠፈችው።

«እሺ፣ ንቧን እንተዋት» አለች። «ድምፀት ማለት እኮ ቤታችሁ ያለ ነገር ነው። እናታችሁ "ና" ስትላችሁ ልትሰጣችሁ ይሁን ልትመታችሁ ከድምፅዋ ታውቃላችሁ። ጽሑፍ ደግሞ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ድምፁን ከቃላቱ መካከል ፈልገን ነው የምንሰማው። አሁን አንድ እውነተኛ መልእክት ልስጣችሁ። አንድ ሰው ለአንዲት ሴት የላከው ነው።» ጠዋት የተስማማችው ለእናቷ መልስ ልትጽፍ እንጂ መልእክቱን አደባባይ ልታወጣ አልነበረም፤ ግን ስም የለበትም፣ ስለ መነጽር የሚያወራ ደረቅ ነገር ነው፣ ምን ይጎዳል ብላ ለራሷ ነገረች። ስልኳን ከፊት ለተቀመጠው ልጅ ሰጠችና ሰሌዳው ላይ እንዲገለብጠው አዘዘችው። ይህ ልጅ «ጠበቃው» ይባላል፤ ፈተና ላይ የወደቀበትን ጥያቄ ሁሉ ይግባኝ ሳይጠይቅ አይተውም።

ጠበቃው ጠመኔውን አንስቶ ጻፈ። መምህርቷ ከኋላ ሆና ስታይ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ተያዘ። «ተሳስተሃል። "ባይመጡም" ነው እንጂ "ባትመጪም" አይደለም።»

«ቲቸር፣ ስልኩ ላይ እንደዚህ ነው ያለው።»

«አይደለም፣ አንብቤዋለሁ።»

ጠበቃው ስልኩን አምጥቶ አሳያት። ባትመጪም። ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። መምህርቷ ፊቷ ጋለ። ጠዋት ያንን ሁሉ ጊዜ ስታነብ አርማ አንብባዋለች፤ አርማለሁ ብላ አስባ እንኳ አይደለም፣ ምላሷ በልማድ አቃንቶት ነው። እናቷ ያንን ቃል አንድም ጊዜ አልሰማችውም።

«ተመልከቱት» አለ ጠበቃው፣ ሰሌዳውን በጠመኔው እየነካ። «እንደምን አደሩ፣ መነጽርዎ፣ መጥተው፤ እስከዚህ ድረስ አንቱ ነው። እዚህ ጋ ሲደርስ አንቺ ብሎ አወረዳት። ይሄ ንቀት ነው። ደንበኛ እንዲህ አይባልም። የእኔ እናት ብትሆን ሱቁ ድረስ ሄጄ ነበር የማናግረው።»

«አወረዳት?» ሬዲዮ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ያወረዳት እንኳ አይመስለኝም። ቀረባት ነው የሚባለው። አንተ እቤት እናትህን አንቱ ነው የምትላት? ፈጣሪንስ ስትለምን አንተ ነው አይደል የምትለው? አንቺ የሚባለው ለተናቀ ብቻ ነው ያለህ ማነው? ደግሞ እይ፤ ስለ መነጽሩ ሲያወራ አንቱ ነው፣ ስለ እሷ መምጣት ሲሆን ነው አንቺ ያለው። ሰውየው አንቱ አንቱ እያለ መጥቶ መጥቶ፣ "ባትመጪስ" ብሎ ሲያስብ ደነገጠ፤ በድንጋጤው ነው ያመለጠው።»

ክፍሉ እንደ ገበያ ሆነ። ግማሹ ድፍረት ነው አለ፤ ግማሹ ናፍቆት ነው አለ። አንዱ «አይጠፋም፣ እኔ ጋ ነው» የሚለውን ይዞ «መነጽሩን ነው ወይስ ራሱን?» ብሎ ሲጠይቅ የኋላ መስመር ጠረጴዛውን ደበደበ። በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና ከጎረቤት ክፍል የሒሳብ መምህሩ፣ እጅጌያቸው ጠመኔ በጠመኔ እንደሆነ፣ ብቅ አሉ። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ዝምታን የሚወዱ ሰው ናቸው። ሊቆጡ እንደመጡ ያስታውቃል፤ ዓይናቸው ግን ሰሌዳው ላይ አረፈ፣ መነጽራቸውንም አስተካከሉ። አንብበው ሲጨርሱ «እኔ ቁጥር ነው የማውቀው» አሉ፤ «ግን "ጠዋት ጠዋት" ሁለት ጊዜ ለምን ተባለ? አንዱ ጠዋት ይበቃው ነበር። ደግሞ ተሠርቶ ያለቀ መነጽር በየቀኑ ምን ቆሻሻ ያገኘዋል?» ብለው ከፊተኛው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የራሳቸውን ክፍል የረሱት ይመስላል።

ያኔ ሳቁ ጣራውን ሊያነሳ ደረሰ። ሬዲዮ ግን አልሳቀችም፤ አንገቷን ቀልሳ «ቲቸር፣ መልእክቱ ለርስዎ ነው የተላከው?» አለች። «አይደለም፣ ለእ...» ብላ መምህርቷ ነከሰችው። ግን «እ» ከወጣ በኋላ ማን ይመልሰዋል? ወዲያው አንዱ ከኋላ በለሆሳስ «የእማማ ነው» አለ። መምህርቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ሰሌዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። ቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ስትስቅ ያየ ተማሪ እስከዛሬ አልነበረም። እናቷ ለምን ደግመሽ አንብቢ እንዳለቻት፣ ያለ ስኳር ሻይ ለምን እንዳማሰለች፣ «ወይስ» ብላ ምን እንደዋጠች አሁን ሁሉም በአንዴ ወለል አለላት። እየሳቀች ሳለ ዓይኗ ጠበቃው ላይ አረፈ። ልጁ አሁንም ፊቱ አልተፈታም፤ «ምንም ቢሆን እናት ናት፤ ሄጄ ነበር የማናግረው» ይላል ለጎረቤቱ። ሳቋን አቆመች። ስልኩን ከእሷ ተቀብሎ ያነበበው፣ ዓይኑን ያጠበበው፣ «እኔ አመጣዋለሁ» ያለው ጋሼ ትዝ አላት። ይህን ዓረፍተ ነገር ጠዋት ሰምታው ድምፀቱን ሳትለይ ነው ያሳለፈችው።

በእረፍት ሰዓት ደወለችለት፤ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ቅሬታ መስኮት ላይ ስልክ ማንሳት ክልክል ነው፤ እሱ ደግሞ ሕግ አክባሪ ነው። ለእናቷ መልስ መጻፍ ጀምራ «እሺ» አለች፣ አጠፋችው፤ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» አለች፣ ይህን ስታጠፋ ራሷን ታዘበች። የሰው ልብ ውስጥ ገብታ ከዚህ በኋላ ምን ልትጽፍ? ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ ከሰዓት በኋላ ያለውን ክፍለ ጊዜ እንደምንም አስተማረችና ደወሉ ሳያበቃ ከግቢ ወጣች። ወደ መነጽር ቤቱ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተጣብቃ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ስለ ዳቦ ታወራላታለች፤ ዋጋው በወፈረ ቁጥር ዳቦው ራሱ እንዴት እንደከሳ። መምህርቷ አዎ አዎ ትላለች፤ «ጠዋት ጠዋት እወለውለዋለሁ» የሚለው ነገር በጆሮዋ እየመጣ ብቻዋን ትስቃለች፤ ወዲያው ደግሞ ወንድሟ ባንኮኒ ሲደበድብ ይታያታል። ሴትዮዋ ትንሽ ሸሸት አለችላት። መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው በኤሊ እግር ሲሄድ፣ መምህርቷ ሁለት ፌርማታ ሲቀራት ወርዳ ሮጠች። ቀሚሷን በእጇ ሰብሰብ አድርጋ፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ፣ ከጫማ አሳማሪዎቹና ከፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል፣ ተማሪ ቢያያት ምን ይላል ብላ እንኳ ሳታስብ ሮጠች።

የመነጽር ቤቱ በር ክፍት ነው። ግድግዳው በሙሉ በመነጽር ክፈፍ ተሞልቷል፤ መቶ ባዶ ዓይን የገባውን ሰው ያያል። ከጥግ በኩል ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርድ የፊደል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ወንድሟን ስትፈልገው መጀመሪያ ያየችው ጀርባውን ነው። የዓይን መመርመሪያው ፊት ተቀምጧል፤ አገጩ ማስደገፊያው ላይ፣ ግንባሩ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ፣ እጆቹ እንደ ተቀጣ ተማሪ ጉልበቱ ላይ። መነጽር ሠሪው ከፊቱ ቆመዋል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋናቸው እጅጌው ያጠራቸው፣ ጸጉራቸው ከግራና ከቀኝ ብቻ የቀረ ሰው ናቸው። የጭቅጭቅ ድምፅ እሰማለሁ ብላ የመጣችው መምህርት እዚያው በሩ ላይ ቀረች።

«እኔ የመጣሁት ለዚህ አይደለም» ይላል ወንድሟ ጥርሱን ነክሶ።

«አውቃለሁ። ስልኩን ሲያሳዩኝ ግን እስከ ክንድዎ ጫፍ አርቀው ነው የያዙት። እንዲህ እያዩ ሊጣሉኝ አይችሉም። አሁን ይኼኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?»

«ያኛው።» ቀጠል አድርጎም፣ «እናቴን ለምን አንቺ አሏት?» አለ። ተቆጥቶም ቢሆን አንቱታውን አልረሳም።

መነጽር ሠሪው እጃቸው መሣሪያው ላይ ቆመ። «በአንቱ ነው የጀመርኩት» አሉ። «እንደ ደንቡ። እዚያ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ላጠፋው ነበር፤ ሳላጠፋው ሄደ። ከሄደ ወዲህ እህል ከአፌ አልዞረም፤ ስልኩን ስከፍት ስዘጋ ነው የዋልኩት። ጥፋት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ቃሉን መመለስ አልፈልግም።» ክርር የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መስታወት ቀየሩ። «ይኼኛውስ?»

ወንድሟ ግንባሩን ከብረቱ ጋር ይበልጥ አጣበቀ። «ይኼኛው ይሻላል» አለ በመጨረሻ። ስለ መስታወቱ ይሁን ስለሌላው ማንም አልጠየቀውም። መምህርቷ እጅጌዋን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

በዚህ ቅጽበት ከኋላዋ ቀስ ያለ እርምጃ መጣ። እናቷ ናት። ለሠርግ ብቻ የምታወጣውን የክት ቀሚሷን ለብሳለች፤ ጸጉሯ ተሠርቷል፤ አንገቷ ላይ ስካርፍ ጣል አድርጋለች። የበሩን መቃን በእጇ እየዳሰሰች ገባችና፣ መንገድ ዘግታ የቆመችውን ልጇን «ይቅርታ እህቴ፣ አሳልፊኝ» ብላ ትከሻዋን ነካ አድርጋ አለፈቻት። መምህርቷ «እማዬ» ከማለቷ በፊት እናት ሁለት እርምጃ ርቃለች። እናት መሣሪያው ፊት የተቀመጠውንም ሰው ደንበኛ ነው ብላ ተወችው፤ ነጩን ጋዋን ብቻ አይታ ወደዚያ አመራች።

«አንተ ሰውዬ» አለች። እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገር ልጆቿ ሰምተዋት አያውቁም፤ ሳቅም አለበት፣ ኩራትም፣ ትንሽ ቁጣ ቢጤም። «መልስ የሚጽፍልኝ ባጣ ራሴ መጣሁልህ። ልጄ መልእክትህን "ባይመጡም" እያለች ነው ያነበበችልኝ። ደግመሽ፣ ደግመሽ አልኳት። እኔ ግን አንተ እስከ መጨረሻው እንደዚያ ብለህ እንደማትጽፍ አውቃለሁ፤ ወር ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ እያወራን ከርመን እስከ መቼ አንቱ ትለኛለህ? ደግሞ ያንን ብሎን ዛሬ አጥብቀህ እሰርልኝ። በቢላ ጫፍ ማውለቅ ሰልችቶኛል፤ ባለፈው ጣቴን ልቆርጠው ነበር።»

መነጽር ሠሪው ሳሉ። አንዴም አይደለም፤ ደጋግመው ሳሉ። በዓይናቸው ወደ ወንበሩ ሊያመለክቱ ሞከሩ፤ ግን የማታይ ሴት ላይ የዓይን ምልክት ምን ይሠራል? ወንድምየው አገጩን ከማስደገፊያው ሳያነሳ ዓይኑን በአግድም ልኮ እህቱን አገኛት። ጆሮው እሳት መስሏል። እሷ ደግሞ ከዚያ በላይ መቻል አቅቷት ግድግዳውን ተደግፋ ወደ መሬት ቁልቁል እየተንሸራተተች ትስቃለች፤ ድምፅ የለውም፣ ትከሻዋ ብቻ ይርገፈገፋል። በዚህ መካከል መነጽር ሠሪው ከመሳቢያ ለስላሳ ጨርቅ አወጡ፣ ከጨርቁ ውስጥ መነጽሩን አወጡ፣ ምንም እንኳ የሚያብረቀርቅ ቢሆን አንዴ ወልወል አደረጉና በሁለት እጃቸው፣ እየተጠነቀቁ፣ እናት ጆሮ ላይ አስቀመጡት።

እናት መጀመሪያ የሰውየውን ፊት አየች፤ ጊዜ ወስዳ አየች። ከዚያ ዞር አለች። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው የበኩር ልጇ ሆነ። ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ እንባዋን የምትጠርገው ሴትዮ ደግሞ ልጇ መምህርቷ ሆነች። እናት አንዱን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ ስካርፏን ከአንገቷ ላይ ቀስ ብላ አወረደችና በሰው ሱቅ ባለው ረጅም ወንበር ላይ አነጠፈችው።

«ተቀመጡ እንጂ» አለቻቸው፤ እንግዳ እንደ መጣባት ባለቤት። «ምን ያስቆማችኋል?»

ወንድምየው አገጩን አነሳ፤ አገጩ ላይ የማስደገፊያው ምልክት ቀይ ሆኖ ቀርቷል። እህቱን ከመሬት በእጇ ጎትቶ አስነሳትና ረጅሙ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እሷም እየሳቀች ጎኑ ተቀመጠች። መነጽር ሠሪው መሐላቸው ቆመው የት እንደሚቀመጡ ጠፋቸው፤ በገዛ ሱቃቸው ወንበር የሚፈቀድላቸውን ጠበቁ። «ይቀመጡ እንጂ እርስዎም» አላቸው ወንድምየው፣ ጠጋ ብሎ ቦታ እየለቀቀላቸው።